ሀምዳ ዳጉ የሰጠች ዕለት

ጎሚስታው ከድሩ በሃያ ሁለት ዓመት የመንገድ ዳር ኑሮው ያላየሁት ጉድ የለም ይል ነበር። ሰርዶ አጠገብ የተገለበጠ ተሳቢ አይቷል፤ በአንድ ቀን ስድስት ጎማ የፈነዳበት ሾፌር አስፋልት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቷል። በድርቅ ዓመት፣ ፍየል በየሜዳው እየወደቀ በሚሞትበት ወር፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃ በመኪና ተጭኖ መጥቶ፣ ክዳኑ አንድ በአንድ እየተከፈተ አሸዋ ላይ ሲደፋ ግን አይቶ አያውቅም። ይኸው ያንንም አየ። የሚደፉት ሰዎች ደግሞ ጓንት አጥልቀዋል።

ለምን እንደተደፋ ለመናገር ትንሽ ወደኋላ መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ የሚያምን አይገኝም።

የከድሩ ቤት፣ ቤት ከተባለ፣ ከሰመራ ወደ ሰርዶ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ዳር በቆርቆሮና በሸራ የቆመ ነው። ከወሎ ሲመጣ አንድ ክሪክና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ነበር። ጎማ ይለጥፋል፤ ኋላ ላይ ዘይት መቀየርም ጀመረ። የተቃጠለው ዘይት ከቤቱ ኋላ በቆፈራት ቦይ ይሄዳል፤ የት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም። ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ ኩሬ አለ። ሰው የቆፈረው አይደለም፤ ከጥቁር ድንጋይ ሥር ቀስ እያለች የምትወጣ ምንጭና የክረምት ጎርፍ የሠሩት ነው። ሀምዳ የምትባል አፋር ሴት አርባ የሚሆኑ ፍየሎቿን እዚያ ታጠጣለች። እናቷም እዚያው ነበር የምታጠጣው።

በሁለት ሺህ ስምንት ድርቅ በዚያ ሁሉ ሜዳ ያልደረቀ ውሃ ያ ኩሬ ብቻ ነበር። አልደረቀም ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም። ላዩን አረንጓዴ ነገር ሸፍኖት፣ ዳር ዳሩን ሃይላንድና ፌስታል ሞልቶት፣ ነፋስ ሲዞር ሽታው ጎሚስታው ድረስ እየመጣ ምሳ ያስጥላል። ሀምዳ በአንድ ሳምንት ሦስት ፍየል ሞተባት። የመጨረሻዋን ሆዷን ቀደደችና ውስጧ የተቋጠረ ፌስታል አገኘች። ፌስታሉን ይዛ መጥታ የከድሩ በር ላይ እንደ ታፔላ የቆመው አሮጌ ጎማ ላይ ሰቀለችውና ሄደች።

ከድሩ ቆሽቱ አረረ። "እኔን ምን አድርግ ነው የምትለው? ሾፌሮቹን አትጠይቅም? ከሞጆ እስከ ጋላፊ ጠጥተው የሚወረውሩት እነሱ፤ ወላሂ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ናቸው።" ይህን ሁሉ ያለው ሞተር ብስክሌቱን ሊያስለጥፍ ለመጣው ለፈንታ ነው። ፈንታ ሰመራ ሳይንስ የሚያስተምር፣ ደብረ ታቦር ያደገ ልጅ እግር መምህር ነው። ሰምቶ ሲጨርስ የሲጋራ ካርቶን ከመሬት አንስቶ በእስክሪብቶ ሥዕል ሠራበት።

"ጋሽ ከድሩ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሠርተን ፊላና ቄጠማ ብንተክልበት ሥሩ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ያን ቆሻሻ የሚበላው ሥሩ ነው። ጥላው ደግሞ አረንጓዴውን ነገር ፀሐይ ይነሳዋል።"

"ምን ላይ ነው የሚንሳፈፈው?"

"የሚንሳፈፍ ነገር ካገኘን።"

ከድሩ ዙሪያውን ተመለከተ። የተጣለ ሃይላንድ፣ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሚንሳፈፍ ነገር ተከቦ ነው የኖረው።

የመጀመሪያዋን ደሴት ከሦስት ከመነዳሪ ሠራት። ለጥፎ፣ ጢም አድርጎ ነፍቶ፣ በማለዳ ውሃ ላይ ጣላት። ቀትር ላይ ሦስቱም ተራ በተራ ፈነዱ። በዚህ አገር ማለዳ ጢም ብሎ የተነፋ ጎማ ቀትርን እንደማያልፍ ለሾፌር ሁሉ የሚሰብከው እሱ ራሱ ነው፤ ፈንታ ይህን ሲያስታውሰው ለሁለት ቀን አኮረፈው። በሦስተኛው ቀን ግን መላውን ያገኘው ከዚያው ስብከቱ ነው። ባዶ ሃይላንዶቹን ክዳናቸውን ከፍቶ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው፤ አየሩ ግሎ የሚወጣው ከወጣ በኋላ ቀትር ላይ ጥርቅም አድርጎ ዘጋቸው። ሲበርድ ትንሽ ይሰረጉዳሉ እንጂ አይፈነዱም። ስልሳ ስልሳውን ማዳበሪያ ውስጥ ሞልቶ ሰፋ፤ ማዳበሪያዎቹን ደግሞ ከከመነዳሪ በተቀደደ ጠፍር አሰራቸው።

ለመትከያው የሽቦ ወንፊት ሲዘረጋ ሀምዳ ደረሰች። ከፌስታሉ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

"ይህ የፍየል ምላስ ይቆርጣል" አለች። በማግስቱ ለቤቷ እንደምትሠራው አድርጋ፣ ግን ዓይኑን ሰፋ ሰፋ አድርጋ የጠለፈችው ሰሌን ይዛ መጣች። ሥሩ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ሰሌኑ እስኪበሰብስ ሥሩ ራሱ ተያይዞ ምንጣፍ ይሆናል። ፊላውንና ቄጠማውን በአፋምቦ በኩል የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ከአዋሽ ዳር ነቅሎ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣላቸው። ነፋስ እንዳይወስዳቸው በአሮጌ የፍሬን ታምቡር አሰሯቸው። እስከ ታኅሣሥ ሰባት ደሴት ሆኑ። በዚያው ሰሞን ከድሩ የተቃጠለውን ዘይት በርሜል ውስጥ ማጠራቀም ጀመረ። ለምን እንደጀመረ ለማንም አልተናገረም፤ ፈንታም አልጠየቀውም።

መጋቢት ላይ ሽታው ጠፋ። ውሃው ጠራ ብሎ መማል አይቻልም፤ ግን ከደሴቶቹ ሥር ታችኛው ድንጋይ መታየት ጀመረ፣ ፊላው የሰው ቁመት ደረሰ፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ነጭ ወፍ እንቁላል ጣለችበት። ከሀምዳ ፍየሎች ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተም። ከድሩ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ወርዶ ሰባቱን ይቆጥራቸዋል፤ ሌላ ሰው ቢያየው ልጆቹን የሚቆጥር ይመስለው ነበር።

እንግዲህ ዓቢይ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ዓቢይ ሰመራ ካለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ አስተባባሪ ነው። የቢሮውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ፎቶ አነሳ፣ የከድሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ተአምር ነው" አለ፤ ከድሩም ወግ ደረሰኝ ብሎ ምሳ ጋበዘው። ያን ምሳ ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ይጸጸታል። በወሩ ዓቢይ በሁለት መኪና ተመልሶ ሲመጣ ትልቅ ባነር ይዞ ነበር። ባነሩ ላይ "ከወዳደቁ ዕቃዎች የተሠሩ ሞዴል ተንሳፋፊ ደሴቶች" ይላል። ቅዳሜ ከበላይ የምትመጣ እንግዳ ትመርቃለች፤ አሥራ ሁለት አዲስ ደሴቶች ይሠራሉ፤ የድሮዎቹ ይነሳሉ።

"ለምን ይነሳሉ?" አለ ከድሩ።

"መልካቸው አንድ ዓይነት አይደለም ጋሼ። ማዳበሪያው ላይ ጽሑፍ አለ። ስታንዳርድ የሚባል ነገር አለ።"

ማክሰኞ ሰባቱን ደሴቶች በገመድ ጎትተው ዳር አወጧቸው። አምስት ወር ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለው ሥር ጥቁር ፀጉር መስሎ አሸዋ ላይ ተዘረጋ። ወፊቱ ሁለት ጊዜ ዞረችና ሄደች። ረቡዕ ያ የታሸገ ውሃ መጣ።

ከድሩ መጀመሪያ ለእንግዶች መጠጥ መስሎት ነበር። ሲደፉት ሲያይ የአንድ አይሱዙ ጎማ ግማሹን ፈትቶ ትቶ እየሮጠ ወረደ። "ምን እያደረጋችሁ ነው? ባዶ ሃይላንድ አጣችሁ? እዚህ መንገድ ላይ ከድንጋይ የሚበዛው ሃይላንድ አይደለም ወይ?"

"የተጣለ ዕቃ ጀርም አለው" አለ ዓቢይ በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። "መጠኑም አይመሳሰልም። እነዚህ አንድ ልክ ናቸው።"

"ባነርህ እኮ የወዳደቀ ዕቃ ነው የሚለው።"

"ከተደፋ በኋላማ ባዶ ነው። ያው የወዳደቀ ማለት ነው።"

ሀምዳ በዚህ መሃል ደርሳ፣ ቢጫ ጄሪካኗን አንዱ ከሚደፋው ሥር ደገነች። ሰውየው እጁን ወደ ጎን ወሰደና አሸዋው ላይ ደፋው፤ ፎቶ እየተነሳ ነው፣ ዘወር በይ አላት። እሷ ግን ዘወር አላለችም። ጄሪካኗን ይዛ ውሃው አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ከድሩ ደሙ ፈልቶ ሲጮህ፣ እሷ ያየችውን ሁሉ የምትቆጥር ትመስል ነበር።

"ከምረቃው በኋላስ?" አለ ከድሩ ሲደክመው።

"ዙሪያው በሽቦ ይታጠራል። ከብት እንዳያበላሸው።"

"ፍየሎቹ የት ይጠጣሉ?"

"አማራጭ የውሃ ነጥብ በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል።"

ጥቅል ሽቦው መኪናው ላይ ነበር። አርባ ፍየል በቀጣዩ ምዕራፍ ውሃ ሊጠጣ ነው፤ ያ ረቢ፣ ፍየል ምዕራፍ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ጊዜ ሳይሞት ይጠብቅ ነበር። ከድሩና ፈንታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳና ማታ በጄሪካን ውሃ እየቀዱ፣ አሸዋ ላይ የተጣሉትን ደሴቶች ሥር በእርጥብ ማዳበሪያ እየሸፈኑ ሰነበቱ። ዓቢይ ኩሬው ዳር ያቆመው ዘበኛ አይቶናል እንዳትሉ አደራ እያለ ፊቱን ያዞርላቸዋል። አዲሶቹ ላይ ደግሞ ከኮምቦልቻ ችግኝ ጣቢያ የመጣ አበባ ተተከለ። በሁለት ቀን ጠወለገ። ዓርብ ከሰዓት አበባውን ነቃቅለው፣ ሠርግ ቤት የሚነጠፈውን ሰው ሠራሽ ሣር በመቀስ እየቆረጡ አለበሷቸው። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል።

ከድሩን ግን ከሁሉ ያበገነው ይህ አይደለም። ዓርብ ዕለት ዓቢይ የፕሮግራሙን ወረቀት እያነበበ፣ "በአካባቢው ባህል መሠረት ወይዘሮ ሀምዳ ለክብር እንግዳዋ ዳጉ ታቀርባለች፤ ሁለት ደቂቃ። እንኳን ደህና መጡ ትላለች፣ ፕሮጀክቱን ታመሰግናለች" አለ። ሀምዳም ራሷን ነቀነቀች።

አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዳጉ ይሰጣጣል። መንገድ ላይም ቢሆን ቁጭ ብሎ፣ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ ሰሚው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ዳግመኛ ሰሚ የለውም። ከድሩ ይህን በሃያ ሁለት ዓመት ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቋንቋውንም ያውቃል። ለዚህ ነው የተናደደው።

"አንቺም?" አላት። "ዳጉ ለእነሱ ምስጋና ሲውል ያየሁት ዛሬ ነው። ፍየሎችሽ በሽቦ ማዶ ቆመው ሊሞቱ፣ አንቺ እንኳን ደህና መጣችሁ ልትይ ነው።"

"ዳጉ ጠየቁኝ" አለች ሀምዳ። "ዳጉ እሰጣለሁ።" ፊቷን ወደ ፍየሎቿ መለሰች። ከድሩ ከመቆጣቱ የተነሳ ቃሏን አልሰማውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማው።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ ሲኖትራካቸውን መንገድ ዳር ያቆሙ ሾፌሮች ሳይቀሩ ለማየት ወረዱ። የክብር እንግዳዋ ሂያም የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትልቅ ኃላፊነት ላይ ያሉ ሴት ናቸው። አፋር ናቸው፤ ልጅነታቸውን ከፍየል ኋላ ያሳለፉ። ዓቢይ ይህን ወረቀቱ ላይ አላሰፈረውም ነበር። ሀምዳ ስትቀርብ ሂያም ወንበሩን ትተው ወረዱና መሬት ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እጅ ለእጅ ተያያዙ። "ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" አሏት በአፋርኛ።

ሀምዳ ጀመረች። ዓቢይ አፋርኛ አይሰማም። ፈገግ ብሎ፣ እጁን ኋላ አጣምሮ፣ ባህሉ እንዴት ደስ ይላል በሚል ዓይን ያያታል። ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ አምስት አለፈ። አንድ ጊዜ ጣልቃ ሊገባ ሲል ሂያም እጃቸውን አነሱበት። ዳጉ አይቆረጥም።

ከድሩ ሊሰማት አልፈለገም ነበር። ከዚያ ስሙ ተጠራ።

"ይህ ከድሩ የሚባለው ጎሚስታ" አለች ሀምዳ፣ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ "ዘጠኝ ዓመት የተቃጠለ ዘይት በቦይ ወደዚህ ውሃ ለቀቀ። የተበሳ ከመነዳሪውንና የጠጣበትን ሃይላንድም ወረወረ። አይቻለሁ። ሦስት ፍየል ሞተብኝ፤ በአንዷ ሆድ ያገኘሁትን ፌስታል በሩ ላይ ሰቀልኩለት። በሾፌሮች አላከከ። ከዚያ ይኸው ሰው ሰባት ደሴት ሠራ፣ ሰሌኑን እኔ ጠለፍኩ፣ ፍየል መሞቱን አቆመ። ማክሰኞ ሰባቱን አወጧቸው። ረቡዕ ሰው የሚጠጣውን ውሃ አሸዋ ላይ ደፉ። ጄሪካኔን ደገንኩ፣ አልሰጡኝም። ዓርብ የሐሰት ሣር አለበሱ። ነገ በሽቦ ያጥራሉ። ያየሁት ይህ ነው። የሰማሁት ሌላ የለም።"

ከድሩ ጆሮው ጋለ። የዘይቱን ነገር ፈንታ አያውቅም፤ ሾፌሮቹም፣ በየቀኑ የሚሰድባቸው ሾፌሮች፣ ከእነሱ መካከል አፋርኛ የሚሰማ አይጠፋም።

ሂያም ተነሱ። በአማርኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ጠየቁ። "ከድሩ የሚባሉት ማን ናቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዘጠኝ ዓመት የተቃጠለ ዘይት ወደዚህ ኩሬ ለቅቀዋል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?"

ሀምዳ ያቀረበችው ምስጋና እንዳልነበረ ዓቢይ ይህን ጊዜ ገባው። ፊቱ ላይ ከድሩ ይክዳል የሚል ተስፋ ታየ፤ ከድሩም ያን ተስፋ አየው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ውሸቷን ነው ቢል የዘይቱ ነገር ይቀርለታል፤ ያን ጊዜ ግን የተደፋው ውሃም ውሸት ይሆናል፣ ሽቦውም ይታጠራል፣ ሀምዳም ከዚያ ቀን ወዲያ በዚህ ሜዳ ሰሚ አታገኝም። ሾፌሮቹን ማየት አቃተው።

"እውነት ነው" አለ። "ግን ዘጠኝ ተሳስታለች። አሥር ዓመት ነው።"

አንድ ሾፌር ከኋላ ሳቀ። ፈንታ መሬት መሬት አየ። ሂያም ወደ ዓቢይ ዞሩ።

"እርስዎስ? ውሃው ተደፍቷል?"

"ክብርት፣ ነገሩ ከስታንዳርድ አንጻር ሲታይ..."

"ተደፍቷል ወይ ነው ያልኩት።"

ዓቢይ ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ መናገር ጀመረ። ሂያም አላዳመጡትም። ሪባኑን ሳይቆርጡ በሥሩ ጎንበስ ብለው አለፉ፣ ውሃው ዳር ደርሰው የአንዱን አዲስ ደሴት ሣር በእጃቸው ገለጡት። ሥር የለም። ወረቀቱ ያልተላጠ፣ አንድ ጭረት ያልነካው አዲስ ሃይላንድ ተደርድሯል። አንዱን መዘዝ አድርገው አወጡና ክዳኑን ከፈቱት። ታች የቀረችውን ጠብታ ውሃ መዳፋቸው ላይ ገልብጠው አዩዋት። ከዚያ በኋላ ንግግር አላደረጉም።

ሽቦው በመጣበት መኪና ተመለሰ። ስለ ዓቢይ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ ይባላል፤ እንደዚህ ያለ ሰው መቼም ቢሮ አያጣም። አሸዋ ላይ ከነበሩት ሰባት ደሴቶች ሦስቱ ሥራቸው ደርቆ እንደ ገለባ ይሰበር ነበር። አራቱን ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ውሃ መለሷቸው። ፈንታ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፣ ሾፌሮቹም ገቡ፤ የሳቀው ሾፌር ታምቡሩን ተሸክሞ በከድሩ ጎን ሲያልፍ "አሥር ዓመት" አለው።

በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ሳይከፍት አካፋ አንስቶ ከቤቱ ኋላ ያለችውን ቦይ መድፈን ያዘ። መሬቱ ከዘይቱ ብዛት ጠቁሮ፣ አካፋው ላይ ይጣበቃል። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሀምዳ ከነፍየሎቿ መጣች። ቆመች። ከዚህ በፊት ለእሱ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ ለአፋር እንደምትለው፣ "ምን አየህ? ምን ሰማህ?" አለችው።

ከድሩ አካፋውን ጥሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አፉ ላይ የመጣለት ስለ ዓቢይ ነበር፤ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለዚያ ሁሉ ውሃ። ለዚህ ሁሉ ስድብ አዘጋጅቶ ነበር። ዋጠውና ከቦይዋ ጀመረ።